ሰዎቹ እንዲቆሙ የሚዞር ቀለበት

ጥር 9
ኮምፖንሳቶው ዛሬ መጣ። ግማሹ እርጥብ። "ፀሐይ ላይ ይደርቅልሃል" አለኝ ነጋዴው። ፀሐዩን ከየት ላምጣለት? ጣሪያ ስር ነው የምንሠራው።

ስቱዲዮው ለአዲሱ ተከታታይ ድራማ የጠፈር ጣቢያ አዟል። አራት ሜትር ስፋት ያለው ቀለበት፣ ውስጡ ሃያ አራት ክፍል፣ በየክፍሉ የጣት ቁመት ያላቸው አሻንጉሊት ሰዎች ከነአልጋና ወንበራቸው። በሞተር ይዞራል፣ ካሜራው በመስኮቶቹ ያያል። ለምን እንደሚዞር አልጠየቅኩም። አናጢ ነኝ። ቁረጥ ሲሉኝ እቆርጣለሁ።

ቤት ስገባ አባዬ እንደተኛ ነው። ዳሌው ከተሰበረ ሁለት ወር ሊሞላው ነው። ቀዶ ጥገናው ተሳክቷል ይላሉ። እሱ ግን አልነሳም ብሏል።

ጥር 13
አባዬን የምታለማምደው የሆስፒታሉ ፊዚዮቴራፒስት መጣች። ልጅ እግር ናት፣ ግን ነገር አታለሳልስም። በር ላይ ጠራችኝ። "አባባ በስድስት ሳምንት ውስጥ ካልቆሙ፣ ከዚያ በኋላ የሚቆሙ አይመስለኝም።"
"መድኃኒት የለውም?"
"መድኃኒቱ የራሳቸው ክብደት ነው። እግር ሰውነት ካልተሸከመ ጡንቻውም አጥንቱም ያልቃል።"

ቆጠርኩ። የካቲት ሃያ አምስት።

ጥር 14
"ተነስ አባዬ።"
"ተወኝ።"
ይኸው ነው የዛሬው ወሬ።

ጥር 18
ዳይሬክተሩን ጠየቅኩት። ይሄ ነገር ለምንድን ነው የሚዞረው? ጠያቂ በማግኘቱ ደስ አለው መሰለኝ፣ ሻዩን አስቀመጠ። ጠፈር ላይ ክብደት የለም አለ። ሰው ይንሳፈፋል። ወራት ከቆየ አጥንቱ ይሳሳል፣ እግሩ ይከዳዋል። ጣቢያው ሲዞር ግን ሰዎቹ ወለሉ ላይ ይጫናሉ፣ ይከብዳሉ። "እንዲቆሙ ነው የሚዞረው" አለኝ።

መጋዜን እንደያዝኩ ቀረሁ። የኛን ቤት ነው እንዴ የሚያወራው?

ለአባዬ ነገርኩት። ከዚያ "የጣቢያውን ስዕል አምጣው እስቲ" አለኝ። ከወደቀ ወዲህ ከውሃ ሌላ አምጣልኝ ያለኝ የመጀመሪያው ነገር...

ጥር 19
ስዕሉን አመጣሁለት። ሠላሳ አንድ ዓመት ብረት እያሽከረከረ በሚቀርጽ ማሽን፣ ቶርኖ ላይ የቆመ ሰው ነው፣ የሚዞር ነገር አይሸውደውም።
"የሰዎቹ እግር ወዴት ነው?"
"ወደ መሃል።"
"ማነው እንዲህ ያለው?"
"ስዕሉን የሠራው ሰዓሊ። ምድር ላይም እግራችን ወደ ምድር መሃል ነው ብሎ።"
ሳቀ። አባዬ ሳቀ! "የሚዞር ብረት ላይ ውሃ ብታፈስ ወዴት ነው የሚረጨው? ወደ ውጭ አይደል? ሰዎቹም የሚጫኑት ወደ ውጭ ነው። ወለላቸው የውጭው ጠርዝ ነው፣ ጭንቅላታቸው ወደ መሃል። ዘቅዝቃችሁ ሰቅላችኋቸዋል እኮ!"

ከሃያ አራቱ ክፍል አስራ ሰባቱን አጣብቄ ጨርሻለሁ። ወይ ጉድ።

ጥር 20
ልናገር? ዝም ልበል? ማን ያውቅበታል?

ተናገርኩ። ዳይሬክተሩ መጀመሪያ ተቆጣ፣ ቀጥሎ ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። "አፍርሰው። በትክክል ነው የምንሠራው።" ቀለም ቀቢያችን ቡሩሼ (ወሬ አይቋጥርም፣ ክፋት ግን የለበትም) ጠጋ ብሎ "አፍህን ብትይዝ ምን ነበረበት?" አለኝ።

አባዬ ሲሰማ በክርኑ ቀና አለ። "ተስተካክሎ ሲዞር ማየት አለብኝ።" ሦስተኛ ፎቅ ነን፣ ሊፍት የለም። በወንበር እናወርድሃለን አልኩት። "እኔን ተሸክመው የሚያወጡኝ አንዴ ብቻ ነው። በእግሬ ነው የምወርደው" አለ።

የካቲት 1
አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ራሱን አዞረው። ተኛ። ትንሽ ቆይቶ ማንም ሳይለምነው ደገመው።

የካቲት 8
ቆመ!! ፊዚዮቴራፒስቷ ያመጣችውን መደገፊያ ብረት ይዞ፣ እኔ በአንድ በኩል፣ እህቴ በሌላው። ዘጠኝ ሴኮንድ። እህቴ ወጥ ቤት ገብታ አለቀሰች። እኔ አላለቀስኩም... ውሸቴን ነው።

የካቲት 11
ሙጫው አልለቅ ብሎ አሳሬን አሳየኝ። አንዱን ወለል ሳነሳ ግድግዳው አብሮ ይነሳል። ሁለት ሳምንት ዘግይተናል። ፕሮዲዩሰሯ መጥታ ዳይሬክተሩን ቢሮ አስገባችው። በመስታወቱ የሚታየኝ የሚወናጨፍ እጇ ብቻ ነው። ደስ አላለኝም።

አባዬ ዛሬ ሃያ ሴኮንድ።

የካቲት 14
ቀረ። ቀለበቱ ቀረ። ከዚህ በላይ አንጠብቅም፣ በኮምፒውተር ይሠራል ተባለ። እኔው ራሴ ነገ አፈርሰዋለሁ። እንጨቱ ለሌላ ድራማ የወጥ ቤት ግድግዳ ይሆናል።

ዝም ብል ኖሮ... ተዘቅዝቀውም ቢሆን ይዞሩ ነበር። አባዬም ወርዶ ያያቸው ነበር፣ እየሰደበን። ምናለበት ቢሰድበን?

"እንዴት ሆነ?" አለኝ ስገባ።
"እየደረሰ ነው።"
ምን ልበለው?

የካቲት 17
ሦስት እርምጃ ሄደ። ፊዚዮቴራፒስቷ አጨበጨበች። እኔ ዓይኔን መስኮቱ ላይ ተክዬ ቆምኩ። ነገ እነግረዋለሁ። ወይም ደረጃውን ይውረድና... ከዚያስ? የት ልወስደው ነው?

የካቲት 19
ቡሩሼ ሊጠይቀው መጣ፣ ብርቱካን ይዞ። ሻይ ላፈላ ገባሁ። ድምፁ እስከ ወጥ ቤት ይሰማል። "አይ ጋሼ፣ እሱማ ከፈረሰ ቆየ እኮ! ያቺ የእርስዎ ምክር አይደለች ጉድ ያደረገችን!" እየሳቀ ነው የሚለው። አባዬን ያጫወተው መስሎታል። ስኳሩን እንደያዝኩ ቆምኩ። መግባት ፈራሁ።

ቡሩሼ ከሄደ በኋላ...
"ስትዋሸኝ ስንት ቀን ሆነህ?"
"አምስት።"
"ታዲያ ያንን ሦስት እርምጃ ወዴት ነው ያስኬድከኝ?"
ብርቱካኑን ሰብስቤ ወጥ ቤት ገባሁ።

የካቲት 20
"ተነስ አባዬ።"
ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

የካቲት 22
ለመንኩት። እህቴም ለመነችው። ይቅርታ አልኩት፣ እግሩን ይዤ። "አልተቀየምኩህም" አለኝ። "ደክሞኝ ነው።" ቢቀየመኝ ይሻለኝ ነበር።

የካቲት 25
ስድስቱ ሳምንት አለቀ። ፊዚዮቴራፒስቷ ጉልበቱን ነካ ነካ አድርጋ ብርድ ልብሱን መለሰችው። አልጨቀጨቀችውም። አለመጨቅጨቋ ነው ያስፈራኝ። ጀርባው ላይ መቅላት ጀምሯል፣ ከዛሬ ወዲህ በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥ ነው አለች። ለእህቴ እጇን የት እንደምታስገባ አሳየቻት። መደገፊያውን ይዛ ሄደች። የሆስፒታሉ ነው፣ ለሌላ በሽተኛ ተፈልጓል።

መጋቢት 6
የወጥ ቤቱን ግድግዳ እያቆምኩ ነው። ምሳ ሰዓት ላይ ቤት እየሄድኩ አባዬን አገላብጬ እመለሳለሁ። ለምጄዋለሁ። አንድ እጅ ከትከሻው ስር፣ አንዱ ከዳሌው፣ ከዚያ ትራስ በጉልበቶቹ መሃል። ሰውነቱ አልቆ አሁን ብቻዬን እችለዋለሁ።

ዛሬ ወደ ግራ አዞርኩት። ጀርባውን ሰጥቶኝ "ተነስ ማለቱን ተውከው?" አለኝ።

ደነገጥኩ። ከመቼ ጀምሮ ነው ያላልኩት? ሳምንት አልፎኛል... እሱ በየቀኑ እስክለው ሲጠብቅ ነበር? ልለው አፌን ከፈትኩ። እግሮቹን አየሁ፣ ቀጥነው የእኔን ክንድ አክለዋል። ብርድ ልብሱን ጎትቼ አለበስኳቸው።

"በስምንት ሰዓት እህቴ ወደ ቀኝ ታዞርሃለች" አልኩት።
"እሺ" አለ።