ላልቶ ወይስ ጠብቆ

ሐሙስ፣ ግንቦት 7

ውድ ልጄ፣

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ተረጂልኝ፤ ግጥምሽ አልተነበበም። እሑድ ስትደውዪ «አንደኛ ወጣሽ» ያልኩሽ ውሸት አይደለም። አንደኛ ወጥተሻል፣ ጭብጨባውም ጣሪያ የሚያነሣ ነበር። ነገር ግን አንደኛ የወጣው አንቺ ጽፈሽ የላክሽው ግጥም አይደለም። ይህን ካልያዝሽ ቀጥሎ የምጽፈው ሁሉ የሽማግሌ ንጭንጭ ይመስልሻል።

እንግዲህ በቅደም ተከተል ልንገርሽ።

የቤተ መጻሕፍቱን የረቡዕ ማኅበር ታስታውሺዋለሽ። ከመሄድሽ በፊት አንዳንዴ መጥተሽ መስኮቱ ሥር ትቀመጪ ነበር። ልብስ ሰፊው፣ ጡረታ የወጣችው ነርስ፣ የታክሲ ሾፌሩና ሌሎችም ከሥራ መልስ እየመጡ አንድ ጠረጴዛ እንከባለን። አንዱ ግጥም ያነባል፣ ሌላው ያዳምጣል። ሲጨርስ እንደገና እንዲያነብ እናደርገዋለን፤ መጀመሪያ ሲነበብ ጆሮ ገና ኮቱን አላወለቀም። ሾፌሩ በመጀመሪያው ሰሞን ተሳፋሪ እንደሚጠራ ሰው ነበር የሚያነበው። ታግዬ ታግዬ ድምፁን አስተካክዬዋለሁ። አሁን ሲያነብ ነርሷ ዓይኗን ትጨፍናለች።

ዘንድሮ ይህ ማኅበር «ፕሮግራም» ሆነ። ከተማው ግጥምን ያክብር ተባለና ቅዳሜ ትልቅ ዝግጅት ተደረገ። ርቀው የሚኖሩ ልጆቻችንም ግጥም ይላኩ፣ በስማቸው ይነበብላቸዋል ተባለ። ማስታወቂያውን በስልክ አንብቤልሽ ነበር፤ ዝም አልሽ። እኔም መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ድምፄን ከፍ አድርጌ ደገምኩልሽ። ከዚያ በኋላ የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ አንድ ወረቀት ይዛ መጥታ «ልጅዎ ልካለች» ስትለኝ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ግጥም እንደምትጽፊ አላውቅም ነበር። መደርደሪያዎቹ መሐል ቆሜ አነበብኩት። አንድ የፊደል ግድፈት አገኘሁበት፤ ሐመሩ «ሐ» መሆን ሲገባው በሃሌታው «ሀ» ጽፈሻል። በእርሳስ አስተካከልኩልሽ።

ቅዳሜ አዳራሹን ብታዪው ታለቅሺ ነበር። መደርደሪያዎቹን ገፍተው ጥግ ለጥግ አጭቀዋቸዋል። ድምፅ ማጉያው ከፍ እንዲል ብለው ከሥሩ ምን ቢያደርጉለት ጥሩ ነው? መዝገበ ቃላቱን። በየገጻቸው ስንት ልጅ ያሳደግኩባቸውን መዝገበ ቃላት ደርድረው እንደ ጡብ ተጠቀሙባቸው። በዚያ ላይ አንዱ የለስላሳ ጠርሙስ አስቀምጦ የላዩ ሽፋን ላይ የእርጥበት ክብ ታትሟል። ወለሉ ጫማ ይዞ ያስቀራል። ወንበሬን ልስብ እጄን ከሥሩ ስሰድ ጣቴ የሆነ ለስላሳ ነገር ውስጥ ገባ፤ የታኘከ ማስቲካ ነው፣ ገና ያልደረቀ። ጣቴን የጠረግኩበትን መሐረቤን እዚያው ጣልኩት።

አንባቢው ደግሞ ሠርግ ላይም፣ ሱቅ ሲመረቅም፣ የትም ማይክ ይዞ የማይጠፋ አንድ ጎረምሳ ነው። ሰዉ «ባለማይኩ» ይለዋል። መጀመሪያ ማይኩን እፍ፣ እፍ አለበት፤ ምራቁ ሲረጭ የፊት ወንበር ላይ ሆኜ አይቻለሁ። ቀጥሎ በግጥምሽ ወረቀት አንገቱን አራገበ። ላቡን እንኳ ባልጠረገበት ብዬ ስጸልይ ጠረገበት።

ስምንት ስንኝ ነው የላክሽው። ስድስቱን ማንም አልሰማቸውም፤ ከኋላ ሙዚቃ ከፍተውበት ነበር። ግጥም ባዶውን አይቀርብም ይላሉ አሁን፣ እንደ ደረቅ ዳቦ። ስለ ደረጃው፣ ስለ ጫማሽ ማሰሪያ፣ ስለ እናትሽ ባዶ ወንበር የጻፍሽው ሁሉ ኪቦርድ ሥር ተጨፍልቆ ቀረ። ከዚያ ሙዚቃው ቀጥ አለ፤ ባለማይኩ ዓይኑን ጨፍኖ የመጨረሻዎቹን ሁለት ስንኞች እንዲህ አወረዳቸው፦

ቃል ከቤት ተነሥቶ ሩቅ አገር ይከርማል፣
ብናገር ባልናገር አባቴ ይሰማል።

የመጨረሻዋን ቃል አጠበቃት። አንቺ ታውቂዋለሽ፣ ግን ልማድ ሆኖብኝ እደግመዋለሁ፤ ቃሏ ላልታ ስትነበብ አባትሽ የሚያዳምጥ ሰው ነው፣ ልጁ ዝም ብትል እንኳ ዝምታዋን የሚሰማ። ጠብቃ ስትነበብ ግን አባትሽ ድምፁ የሚሰማ ሰው ነው፤ ልጁ ተናገረችም አልተናገረችም የእሱ ድምፅ የማያርፍ፣ ባሕር ተሻግሮ የሚከተላት። ፊደሉ ያው ነው። ልዩነቱን የሚያውቀው የአንባቢው ምላስ ብቻ ነው፣ ያ ምላስ ደግሞ ማስቲካ ሲያገላብጥ የዋለ ነው።

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ግማሹ እኔ ያስተማርኩት ሰው ነው፤ የማን ልጅ ግጥም እንደሆነ ያውቃሉ። ከኋላ አንዱ «ጋሼ ነጥብ» ብሎ ተጣራ። ለተረሳች ነጥብ ነጥብ ስለምቀንስ ያወጡልኝ ስም ነው፣ ጸጉራቸው ሸብቶ እንኳ አልተውትም። ባለማይኩ ሳቁ ሲጥመው በጣቱ ወደ እኔ እየጠቆመ «አባቴ ይሰማል» እያለ ደጋገመው፣ በየጊዜው የባሰ እያጠበቀ። ስልኮች ሁሉ ወደ ፊቴ ዞሩ። አጠገቤ የተቀመጠችው አክስትሽ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ትጠርግ ነበር። ያለቀሰች መስሎኝ እጇን ያዝኩ፤ ለካ ከሳቋ ብዛት ነው።

«ምን ያስቅሻል? ተሳስቶ እኮ ነው ያነበበው» አልኳት።

«የቱ ጋ ነው የተሳሳተው? ወንድምዬ፣ አንተ ተሰምተህ እንጂ ሰምተህ ታውቃለህ?» አለችኝ።

አክስትሽን ታውቂያታለሽ፣ ለአንድ ቀልድ ወንድሟን ትሸጣለች።

አሸናፊ የሚመረጠው በጭብጨባ ነው። ግጥም በጭብጨባ ሲመዘን አየሁ፤ እንግዲህ ከዚህ በኋላ የማየው ምን አለ? አንቺ ስለሌለሽ የላስቲክ ዘውድ እኔ ራስ ላይ ደፉ። ከእኔ በፊት የስንት ሰው ቅባት እንደጠጣ እንጃ፣ ግንባሬ ላይ ተጣበቀ፤ ይሸታል። ቤት ገብቼ ደጋግሜ ብታጠብም ሽታው እስካሁን አፍንጫዬ ሥር ያለ ይመስለኛል።

ሰዉ ሲበተን ባለማይኩን ያዝኩትና በትዕግሥት አስረዳሁት። ቃሏ ላልታ መነበብ እንዳለባት፣ ሳትላላ ከተነበበች የግጥሙ ትርጉም እንደሚገለበጥ ነገርኩት። ማስቲካውን ከአንዱ ጉንጩ ወደ ሌላው አዛወረ።

«ጋሼ፣ ላልታማ ማን ይስቅልኛል?»

ልጄ፣ ባለጌ ቢሆን እገሥጸው ነበር፤ ደንቆሮ ቢሆን አስተምረው ነበር። እሱ ግን ሁለቱም እንዳልሆነ ገባኝ። ላልታ ልትነበብ እንደምትችል ያውቃል። ያውቅና ሳቁን መረጠ።

ሰኞ ጠዋት ኃላፊዋ ዘንድ ሄድኩ። ያሸነፈው ግጥም በንባብ ክፍሉ ግድግዳ ላይ በቀለም ሊጻፍ ነው፣ ሰው ሁሉ ገብቶ ሲወጣ እንዲያነበው። አንድ ጊዜ ከተጻፈ እኛ ካለፍንም በኋላ እዚያው ይኖራል። ስለዚህ ማንም ባለማይክ እንዳያጣምመው ከሥሩ «ላልቶ ይነበባል» ተብሎ በትንሹ ይጻፍ አልኳት። እሷ ደግሞ አንዳንዱ ሰው «ጠብቆ ነው የሚጥመው» እንዳላት፣ ጠብቆ ከሆነ ግን እኔው ክፍል ውስጥ ሳስተምር እንደማደርገው የሚጠብቁት ሁለት ፊደላት አናት ላይ ነጥብ ማድረግ እንደሚሻል ነገረችኝ። ተማሪዬ እንደነበረች ረስቼ ነበር። ስለ ሰዋስው፣ ስለ ዜማ፣ ስለ ግጥሙ መንፈስ ሳብራራላት ቆየሁ። አገጯን በእጇ ደግፋ እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

«መምህር፣ ልጅዎን ጠየቋት?» አለችኝ።

«አባቷ ነኝ» አልኳት።

«እሱንማ አውቃለሁ። እኔ ያልኩት፣ ጠየቋት ወይ?»

የግጥሙ ባለቤት ሳትናገር ነጥብም አላደርግ፣ ከሥሩም አላጽፍ ብላ ወሰነች። መብቷ ነው። እኔም እሷ ቦታ ብሆን ይህንኑ አደርግ ነበር፣ ያናደደኝም ይኸው ነው።

ትናንት ጽሕፈት ሠሪው ግጥሙን ግድግዳው ላይ ጽፎ ጨረሰ። እጁ ጥሩ ነው፣ ፊደሉ አይንጋደድም። ያንቺ «ይሰማል» ከመጨረሻው ስንኝ ዳር ላይ ራቁቷን ቆማለች፤ ከላይዋም ከሥሯም ነጭ ግድግዳ ትቶላታል። «የልጅዎ መልስ ሲመጣ ይጥሩኝ፣ መሰላሉን እዚሁ ትቼዋለሁ» አለኝ። ከሰዓት በኋላ እዚያ ተቀምጬ የሚገባውን የሚወጣውን ሳይ ዋልኩ። አንዱ ያላላታል፣ ሌላው ያጠብቃታል። የታክሲ ሾፌሩ መጥቶ ሁለት ጊዜ አነበባት፣ እንዳስተማርኩት ቀስ ብሎ። መጀመሪያ አላላት፣ ቀጥሎ አጠበቃት፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብሎ አየኝና ኮፍያውን አድርጎ ወጣ።

ቤት ከገባሁ ጀምሮ እኔም ጮክ እያልኩ እሞክራታለሁ። የሚያስጠላኝ ምን መሰለሽ? ጠብቃም ቤት ትመታለች። አንድም ቦታ አትሰበርም። «ይሰማል፣ ይሰማል» ስል አክስትሽ ከወጥ ቤት «ሰማንህ፣ በቃ» አለችኝ።

እሑድ ስለ ጉልበቴና ስለ ውኃው መቋረጥ ነግሬሽ ስጨርስ፣ «አባዬ፣ ግጥሙን እኮ እኔ» ብለሽ የጀመርሽው ነገር ነበር መሰለኝ። እኔ ስለ ውድድሩ ቀጠልኩ፣ ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ። ምን ልትዪኝ ነበር?

ብርድ እንዳይመታሽ። ሥራሽ ይቅናልሽ፣ ጎረቤት መልካም ይግጠምሽ፣ ብዕርሽ አይድረቅ። ወረቀትሽን ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ፤ ያረምኳት ፊደል የምታስቀይምሽ ከሆነች አጥፊያት፤ በእርሳስ ናት።

አንድ ቃል ብቻ ጻፊልኝ፤ ላልቶ ወይም ጠብቆ። ምክንያት አልጠይቅሽም፣ አላርምሽም። ነጥብ የሚያስፈልጋት ከሆነ ጽሕፈት ሠሪውን አልጠራም፣ መሰላሉን ራሴ ወጥቼ አደርግላታለሁ። ብቻ በስልክ አይሁን፤ በስልክ ሲሆን እኔ እቀድምሻለሁ። በደብዳቤ ይሁን፣ ቶሎም ጻፊልኝ።

አባትሽ