ውሃው የሚተኛበት መሬት

ውድ ባለቤቴ፣

እንደምን ከረምሽልኝ? እኔ ደህና ነኝ ልልሽ ብዕሩን አነሳሁና ተውኩት፤ ደህና አይደለሁም። ናፍቀሽኛል። ይህንን በስልክም ስንቴ ብዬሻለሁ። ዛሬ የምጽፍልሽ ግን በስልክ ያልኩሽን ለማረም ነው። እሁድ ስትደውዪ "መኪኖቹ መጡ ወይ?" ብለሽ ጠየቅሽኝ። "መጡ" አልኩሽ። "ተመስገን!" ብለሽ ሳቅሽ። እንደዚያ ስትስቂ ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ ነው? ሳቅሽን እንዳላቋርጥ ወሬ ቀየርኩ። መኪኖቹ መምጣታቸው እውነት ነው። ያልነገርኩሽ፣ መሬትሽን ሊሞሉበት የጫኑትን አፈር ሳይገለብጡ መመለሳቸውን ነው። የመለስኳቸው ደግሞ እኔ ነኝ።

አሁን ወረቀቱን አስቀምጠሽ ክፍሉ ውስጥ ወዲያ ወዲህ እንደምትዪ አውቃለሁ። በይ ተንጎራደጂና ሲወጣልሽ ተመለሺ። እጠብቅሻለሁ፤ መጠበቁን ለምጄዋለሁ።

አክስትሽ የተወችልሽ ያ ረግረግ ለሌላው ሰው ደንገልና እንቁራሪት ነው። ላንቺ ግን ምን እንደሆነ አውቃለሁ። አከራይ "ውሃ አታፍስሱ፣ ሚስማር አትምቱ" እያለ ያሳደገሽ ሰው ነሽ። በሠርጋችን ሰሞን ወስደሽ ጫፉ ላይ አቆምሽኝና ሳሎኑን፣ ጓዳውን፣ መስኮቱን ሁሉ በጣትሽ አየር ላይ ሠራሽልኝ። እኔም ሞኙ፣ በሌለው በር ራሴን እንዳይመታኝ ጎንበስ ብዬ ገባሁልሽ። ያ ቤት እንዲቆም ብለሽ ነው እዚያ ሩቅ ሆስፒታል የሰው ልጅ ስታዋልጂ የምታድሪው። "ጣሪያው የተመታ ዕለት ሻንጣዬን እዘጋለሁ" ብለሽኛል። ስለዚህ መኪኖቹን ስመልስ አንቺንም ከመንገድ እንደመለስኩሽ አልጠፋኝም።

ያላንቺ እንዴት እንደምኖር ልንገርሽ? ቀኑን ሙሉ የሰው ራስ ሳሳምር እውላለሁ፤ የኔ ማጅራት ግን ጫካ ሆኗል። ምላጩን ይዘሽ "ዝም ብለህ ቁም፣ ጆሮህን ብቆርጠው በኋላ በኔ እንዳትፈርድ" ስትዪኝ ትዝ ይለኛል። ደንበኞቼ "የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች" እያሉ ይተርቡኛል። ከመንገድ ማዶ ያለው የሙያ ባልደረባዬ "ና ላስተካክልልህ" ቢለኝ እምቢ አልኩት። ያንቺን እጅ የለመደ ማጅራት ሌላ አይቀበልም።

ወደ ነገሬ ልግባ። አንቺ ከሄድሽ ወዲህ መንገዳችን ክፉ አመል አውጥቷል። የኮረብታው ዛፍ ተመንጥሮ ቤት በቤት ከሆነ ጀምሮ ዝናቡን የሚይዝልን ጠፋ፤ በጣለ ቁጥር ጎርፉ ቁልቁል ይወርዳል። መጀመሪያ ዳቦ ጋጋሪው ደጁን በገረጋንቲ ደልድሎ ከፍ አደረገ። ውሃው ወደ መድኃኒት ቤቱ ዞረ። መድኃኒት ቤቱም ከዳቦ ቤቱ አስበልጦ ከፍ አደረገ። እንዲህ እንዲህ እያለ ከኔ ደረሰ። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ አይደል? እኔም የፀጉር ቤቱን ደፍ በሲሚንቶ አስቀጠልኩት። ውሃው ቀጥሎ ከጎናችን ልብስ ሰፊዋ ዘንድ፣ እትዬ ክር ቤት ገባ።

"አንተ ልጅ፣ አንተ ከፍ ባልክ ቁጥር እኔ ዝቅ አልኩ" አሉኝ፤ "በሚቀጥለው ክረምት ኮርኒስ ላይ ተሰቅዬ ነው የምሰፋው?"

ሳቅን። እርሳቸውም አብረውን ሳቁና ወለላቸውን መጥረጋቸውን ቀጠሉ።

መኪኖቹ በሚመጡበት ሳምንት፣ አንድ ጠዋት፣ ዳቦ ጋጋሪውን ግማሽ ጢሙን ላጭቼ ግማሹን ሳልጀምር ሰማዩ ተቀደደ። እንዲህ ያለ ዝናብ አይተሽ አታውቂም። መንገዱ ወንዝ ሆነ። ዘለን ወጣን፤ እትዬ ክር ጠረጴዛቸው ላይ ወጥተው የስፌት መኪናቸውን እንደ ልጅ አቅፈዋል። "እኔን ተዉኝ፣ እሷን ያዙልኝ!" ይላሉ። ሁለቱንም አወጣናቸው። ያን ጊዜ ጋጋሪው ፊቱ አመድ መሰለ። "ልጄ!" አለ። ትንሿ ልጁ ከመንገዱ ግርጌ፣ ከመሬትሽ አጠገብ ያለው መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ ናት።

እንዴት እንደሮጥን አላውቅም። መምህርቷ ሕፃናቱን ጠረጴዛ ላይ አቁማቸዋለች፤ እነሱ ጠረጴዛ ላይ መቆም የተፈቀደበት ቀን ነውና ደስ ብሏቸዋል። እሷ ግን የበሩን ብረት ጨብጣ ውሃውን ታያለች።

"ጋሼ፣ ይገባል እንዴ?" አለችኝ።

ውሃው መጣ፣ መጣ፣ የበሩን እግር ነካና ወደ ጎን ታጠፈ። ሄዶ ደንገሉ መሃል ገባ። ያ ሁሉ ጩኸት እዚያ ሲደርስ ጸጥ አለ። እየሞላ፣ እየሰፋ፣ ተኛ። ከመዋዕለ ሕፃናቱ ወለል ላይ አንዲት ጠብታ አልደረሰችም።

ጋጋሪው ልጁን ታቅፎ፣ አንድ ጉንጩ ላይ ብቻ ጢም እንደያዘ ፈዝዞ ቆመ። "ይህ ሁሉ ውሃ የት ነው የሚገባው?" አለኝ።

"ሚስቴ ቤት" አልኩት።

ልቀልድ ብዬ ነበር። ከአፌ ሲወጣ ግን ያልኩት እውነት መሆኑ ገባኝ። ሁላችንም ደጃችንን ከፍ ባደረግን ቁጥር ጎርፉን የተቀበለን ያንቺ ረግረግ ብቻ ነው። እሱን ሞልተን ከፍ ስናደርገው፣ ከመንገዱ ሁሉ ዝቅ ብሎ የሚቀረው የሕፃናቱ ክፍል ነው።

መኪኖቹ የመጡ ዕለት ሾፌሩ በመስኮት ብቅ ብሎ "የት ጋ ልገልብጠው?" አለ። "አትገልብጠው" አልኩት። ባለመሬቱ እኔ እንደሆንኩ እንዳያስብ፣ መሬቱ የሚስቴ መሆኑን ነገርኩት።

"ታዲያ የሚስትህን ቤት ነው የምታፈርሰው?"

"ገና አልተሠራም እኮ።"

"እሱማ ይብሳል" ብሎኝ ሞተሩን አስነሳ። ቃሉ እስካሁን ደረቴ ውስጥ አለ።

የምትዪው ይሰማኛል። "ሌላው ሁሉ ሲሞላ የኔ ብቻ ለምን ይቅር?" ትያለሽ። እውነትሽን ነው፤ ፍትሕ የለውም። ቱቦ ይቀበር ብለን ስንት ቢሮ አንኳኳን፤ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነ። ግን "እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል" ያለችውን አህያ አንቺ ራስሽ ስትተርቻት ነው የማውቅሽ። እኔም ያስቀጠልኩትን ደፍ በመዶሻ አፈረስኩት። ትናንት ሲዘንብ ውሃው እኔም ቤት ገባ፤ እትዬ ክር ዘንድ የደረሰው ቁርጭምጭሚት አልሸፈነም። ጋጋሪው ደግሞ ከኮረብታው ሰዎች ጋር ችግኝ ስለመትከል መነጋገር ጀምሯል። ዛፍ እስኪያድግ ግን የተኛው ውሃ የሚያድርበት ሌላ ቦታ የለንም።

አንድ ነገር ሳልደብቅ ልንገርሽ። ሳልጠይቅሽ የወሰንኩት አይገባትም ብዬ አይደለም። ከኔ በፊት የሚገባሽ አንቺ ነሽ፤ ስንቱን ሕፃን ወደዚህ ዓለም የተቀበልሽ ሰው ነሽ። የፈራሁት ራሴን ነው። ስልኩን አንስቼ ብነግርሽና "ግዴለህም ሙላው፣ ልመጣ ነው" ብትዪኝ፣ ያንን የሕፃናቱን በር እረሳው ነበር። ልመጣ ነው ስትዪኝ ምንም ነገር እረሳለሁ። ይህን ያህል ነው የናፈቅሽኝ።

መሬቱ ያንቺ ነው። የሾፌሩ ስልክ ቁጥር መስታወቴ ጥግ ላይ ተለጥፏል። እኔ አልደውልለትም። አንቺ መጥተሽ ልትደውዪለት ብትነሺ ግን በሩ ላይ ቆሜ እከራከርሻለሁ፤ ምናልባት ትረቺኝ ይሆናል። ብቻ ለመርታትም እዚህ መገኘት አለብሽ። ቤት አልሠራሁልሽም። ያለኝ ይቺው የተከራየናት አንድ ክፍል ናት። እዚህችው ነይ። ካልተስማማሽም ነይ። ልትጣዪኝም ቢሆን ነይ።

ያንቺው፣
ፀጉር አስተካካዩ