ታንኳ ላይ ብድግ ያልኩ ቀን

ይድረስ ለምወድዎት አባቴ፣ ከልጅዎ ከዛሂዳ። አባባ፣ እንዴት ሰነበቱ? ጉልበትዎን ተሻለዎት ወይ? ዒድስ እንዴት አለፈ? እኔ አልሐምዱሊላህ በአካል ደህና ነኝ፤ ልቤ ግን ከፍርሃት አላረፈችም።

እዚህ ካምፓላ በኮሮና በሽታ ምክንያት ታክሲም ቦዳ የሚሉት የሞተር ታክሲም ሰው እንዳይጭን ከተከለከለ ሁለት ወር አለፈ። ልጄ ተስኒም ከሐይቁ ማዶ መውለጃዋ ደርሶ ብቻዋን ናት፤ ባሏ ለሥራ እንደወጣ መንገድ ተዘግቶበት ቀረ። ስለዚህ ከሰፈሬ ከኪሱጉ እስከ ሐይቁ በእግሬ፣ ከዚያ በታንኳ እየተሻገርኩ ምግብ አደርስላታለሁ። ሐይቁ ዘንድሮ ሞልቶ ዳር ያሉትን ሱቆች ውጧል። ታንኳውም አርጅቶ በስንጥቁ ውሃ ስለሚያስገባ አንዱ ተሳፋሪ በተቆረጠ ጀሪካን እየጨለፈ ይደፋል። ዋና እንደማልችል ያውቃሉ።

ማክሰኞ ዕለት ተቀምጬ ሳለሁ እኚያ የደሴው ወዳጅዎ ሐጂ አብዱልወሀብ ሱሪያቸውን ሰብስበው እግራቸውን ታንኳው ውስጥ አሳረፉ። እኔም እንዳሳደጉኝ «ኖር!» ብዬ ብድግ! አባባ፣ ታንኳው ወደ እኔ ዘመመ፤ ውሃው ገባ፤ ሐጂ በጉልበታቸው ወደቁ፤ የተስኒም የገንፎ ዱቄት ሐይቅ በላው። ቀዛፊው፣ ሴትዮ ቁጭ በይ፣ እዚህ ትልቅ ሰው የሚከበረው ተቀምጦ ነው ብሎ ጮኸብኝ። ሐጂ ልብሳቸውን እየጨመቁ፣ በሽታው የማረኝን ሽማግሌ አንቺ በአክብሮት ልትጨርሽኝ ነው ብለው ሳቁ። እኔ ግን ማዶ እስክንደርስ የታንኳውን ጠርዝ በሁለት እጄ እንደጨበጥኩ ነበር።

ቅዳሜ እንደገና ከሐጂ ጋር እሻገራለሁ፤ ሱቃቸው እዚያው ማዶ ነው። አዋላጅም ይዤ ነው የምሄደው። ብንሰምጥ ተስኒምን ማን ያዋልዳታል? እንዳልነሳ ለራሴ እምላለሁ፤ ትናንት ግን ደጄ ተቀምጬ አንድ ሽማግሌ ሲያልፉ ሳላስበው ቆሜያለሁ። የሚያስፈራኝ ከውሃው ይልቅ የገዛ ጉልበቴ ሆኗል። አርባ ስድስት ዓመት የለመደ ጉልበት በሦስት ቀን ምክር አይሰማም።

ስለዚህ ወንድሜ ኢስሀቅ በስልኩ የላክሁለትን ይህን ደብዳቤ ካነበበልዎ በኋላ «ዛሂዳ፣ ቁጭ በይ» ብለው በራስዎ ድምፅ ይናገሩና በስልኩ ቀድቶ ይላክልኝ። ሐጂ ሲሳፈሩ ከጆሮዬ ላይ አደርገዋለሁ። ብድግ ማለትን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት፤ ሌላ ሰው ቢያዘኝ እግሬ አይሰማም። ከቅዳሜ በፊት ይድረስልኝ።

ኢስሀቅን ከነባለቤቱ ከረምዚያ፣ ትንሿንም ኑሃን ሳሙልኝ። እማማንም ጉልበቷን ሳሙልኝ፤ የዱቄቱን እንጂ የውሃውን አይንገሯት። ዱዓዎ አይለየን።

ልጅዎ ዛሂዳ
ካምፓላ፣ ኪሱጉ
ግንቦት 20 ቀን 2012 ዓ.ም.