ንድፋችንን ለአቶ ክብረት ስለሸለሙልን

ይድረስ ለተከበሩ አቶ ለይኩን፣ የንግድ አለመግባባት አስታራቂ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
የካ፣ ሰኔ 2006 ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፣

ጤናዎ እንደ ወንበርዎ የጸና፣ ቤተሰብዎ ሰላም፣ መብራትዎም የማይቆራረጥ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኛ የፈረንሳይ ለጋሲዮን ሰፈር ሰዎች በራችን ላይ ባተሙት ማኅተም ፊት እየተሰበሰብን እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

ስሜ ጥሩብርሃን ዲንሳ ይባላል። ከዳገቱ ሥር እርጎና ለስላሳ የምሸጥ ባለሱቅ ስሆን፣ ወጣቶቹ እርስ በርስ መስማማት ሲያቅታቸው የቅዳሜ ሠሪዎች ማኅበር ሰብሳቢ አድርገው ጎልተውኛል። ማኅበሩ «ዘበኛ» የምንላትን ትንሽ ዕቃ ይሠራል፤ መብራት ሄዶ በድንገት ሲመጣ ፍሪጅ እንዳይቃጠል ትከላከላለች። መጀመሪያ የነደፋት ቶፊቅ የሚባል ልጃችን ነው። ንድፉን የማኅበሩ ክፍል ግድግዳ ላይ ሰቀለና የፈለገ ሁሉ ገልብጦ ይሥራ፣ ይሽጥም አለ። ሕጋችን አንድ ብቻ ነው፤ የገለበጠ ሰው ያሻሻለውን ይዞ ቅዳሜ ይመጣል፣ ስሙም ከንድፉ ግርጌ ይጻፋል።

አቶ ክብረትም ከእኛው ጋር ሲገለብጡ የኖሩ ናቸው። መገናኛ ላይ ሱቅ ሲከፍቱ ግን ቅዳሜን ተዉ፣ ንድፉን በስማቸው አስመዘገቡ፣ ከዚያም ሰረቁኝ ብለው እርስዎ ዘንድ ከሰሱን። እርስዎም ፈረዱላቸው። ምስጋናዬ በተራ ቁጥር የሚከተለው ነው።

1. በሽምግልናው ዕለት ሁለታችንንም በእኩል ዓይን አይተው ለአቶ ክብረት ወንበር፣ ለእኛ ደግሞ ኮሪደሩን ስለሰጡን እናመሰግናለን።

2. ሥራችንን ለመጣው ሁሉ በነጻ የምናስተምረውን እኛን «ኪራይ ሰብሳቢ» ብለው ስለሰየሙን ኮርተናል። ምን እንደሰበሰብን የሚነግረን ግን እስካሁን አላገኘንም።

3. ስላቀረቡልን የእርቅ ሐሳብ ምስጋናችን ወሰን የለውም። ቶፊቅ ራሱ የነደፈውን ለመሥራት ከአቶ ክብረት ፈቃድ እንዲለምን፣ ሌሎቻችን ተቀጣሪዎቻቸው እንድንሆን፣ ንድፉም ከግድግዳው እንዲወርድ አዘዙ። ይህ እርቅ ከሆነ ጠብ ምን ሊባል ነው? እምቢ ስንል ክፍላችንን አሸጉት። ተናድጃለሁ ጌታዬ፤ በጨዋ አማርኛ ብጽፍልዎትም ተናድጃለሁ።

4. አቶ ክብረት ያስመዘገቡት የድሮውን ንድፍ ነው። እሱ ይግላል፤ ቶፊቅና ሌላዋ የማኅበራችን ልጅ ፌበን ጉድለቱን አግኝተው ያረሙት እሳቸው መምጣት ካቆሙ በኋላ ነው። ወደ እንጦጦ መውጫ ሻይ ቤት ያላት ዲንቄ ከመገናኛ የገዛችውን ዘበኛ እስከነጭሱ አቅፋ መጣችብን። እርስዎ ደግሞ የአቶ ክብረትን ንብረት እንዳንነካ ከልክለውናል፤ የዲንቄን ፍሪጅ ማን እንደሚነካው ግን ውሳኔዎ ላይ አልሰፈረም።

የእኛ የእርቅ ሐሳብ ይህ ነው። አቶ ክብረት ሱቃቸውን፣ ካርቶናቸውን፣ ያን ያማረ ታፔላቸውን ይያዙ፤ ይነግዱ፣ ይክበሩም። ንድፉ ግን የሁሉም ነው፣ አናወርደውም። ግድግዳውን ካሸጉብን በደጃፉ፣ ደጃፉን ከከለከሉን በእኔ ፍሪጅ በር ላይ እንለጥፈዋለን። ቅዳሜ ሱቄ ፊት ለፊት እንሰበሰባለን። አቶ ክብረትም ቢመጡ የታረመውን እንሰጣቸዋለን፤ ስማቸው ከግርጌው አልተፋቀም።

ስለ ውለታዎ ዘወትር አመስጋኝ፣ ለትእዛዝዎ ግን ከቶ የማልመች፣

ጥሩብርሃን ዲንሳ
የቅዳሜ ሠሪዎች ማኅበር ሰብሳቢ
ከታሸገው በር ውጭ

ከፊርማ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ በቀደም የጽሕፈት ቤትዎ የመብራት ባለሙያ ሱቄ ድረስ መጥተው ነበር። ከአቶ ክብረት የተገዛው ዘበኛ የሠራተኞች ክበባችሁን ፍሪጅ አቃጥሎት ኖሮ፣ የታረመውን ንድፍ ገልብጠው ሄዱ፤ ቅዳሜም እንደ ደንቡ የራሳቸውን ማሻሻያ ይዘው ተመለሱ። እጅግ ጥሩ ሥራ ነው። ስማቸው እንዳይጻፍ ስለለመኑን ከንድፉ ግርጌ የጽሕፈት ቤትዎን ስም አስፍረናል። እንግዲህ በውሳኔዎ መሠረት እናንተም ከሌቦቹ አንዱ ሆናችኋል፤ በራችሁን የሚያሽጉበትን ቀን ቢያሳውቁን፣ የማሸጊያውን ሻማና ክር ይዘን ልናግዝዎ እንመጣለን።