ማማሰያውን ሰጠችኝ

ውድ ልጄ፣ ያሳደገሽ አምላክ በሰው አገር ከክፉ ይሰውርሽ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ።

እሁድ ለቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ቁርስ ስናበስል ግን አንድ ነገር አላማረኝም። በየዓመቱ የአጃውን ማማሰያ ከእጄ የምትነጥቀኝ ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን፣ ዘንድሮ "እንኪ፣ አንቺ አማስዪ" ብላ ሰጠችኝ። ለእንቁላሉ የሚከተፈውን ሽንኩርትም "ዓይንሽን ያቃጥልሻል" ብላ ከፊቴ አነሳችው። "ምን ተገኘ?" ስላት "ምንም" ብላ አቀረቀረች።

ልጇ አንቺ ያለሽበት ከተማ ነው ያለው። ያቺ ሴት ደግሞ ማማሰያ እንዲሁ አትለቅም፤ የሰማችው ነገር አለ። አሞሽ ነው? ከሥራ ወጥተሽ ነው? እባክሽ ከሰው አፍ ሳልሰማው አንቺው ደውዪልኝ።

ጤናውን ይስጥሽ። ለእኔም ያቺን ሴት እንደ ድሮዋ ማማሰያ ስትነጥቀኝ ያሳየኝ።

እናትሽ