አድኃሪው ሲሉኝ

እሑድ፣ ጥር 16

ተነስተው ሄዱ። ጨዋታው ሳያልቅ፣ እኛ እየመራን፣ አቶ ኤርጋኖ ባርኔጣቸውን ጭንቅላታቸው ላይ ጫን አድርገው ሄዱ። ጽጌም ነጠላዋን እየሰበሰበች ተከተለቻቸው። ዞራ እንኳ አላየችኝም።

የመጡት እኔን ሊያዩ ነበር። የዛሬ ሳምንት ሽማግሌ ልልክባቸው ነው። ጽጌ «አባዬ አንተን ሳያይ ለሽማግሌ መልስ አይሰጥም» ስላለችኝ ከወንጂ ይዛቸው መጣች። ቅርጫት ኳስ ሜዳ ላይ ይዩኝ ያልኩት እኔው ነኝ። ሰው ቤት ስቀመጥ ላብ ያጠምቀኛል፣ ቃል አይወጣኝም። ኳስ ስይዝ ግን ሰው እመስላለሁ።

ጨዋታው ደግሞ እንዴት ያለ ነበር! ከማል በሜጋፎኑ ሜዳውን ሲያተራምሰው ዋለ። ከማል በሥራ ቀን መናኸሪያ ተሳፋሪ ጠሪ ነው፤ እሑድ እሑድ ያንኑ ጉሮሮውን ይዞ ወደኛ ይመጣል። ኳስ ቅርጫት ውስጥ ስትገባ «ሞላ! እንሂድ!» ይላል። ስትስት «ወራጅ አለ!» ሲል ተመልካቹ አብሮት ይጮኻል፤ የሳተው ልጅ የሚገባበት ይጠፋዋል። ለሁላችንም ስም አውጥቶልናል። ረጅሙ ግርማ «ክሬኑ» ነው። ድንክዬው ቶሎሳ «ሎንቺና»። እኔ «አድኃሪው» ነኝ። ጉልበቴን ካመመኝ ወዲህ አሠልጣኙ የመሀሉን መስመር እንዳላልፍ ስለከለከለኝ፣ ሌላው ሁሉ ሲያጠቃ እኔ ከኋላ እቀራለሁ። አንድ ቀን ከማል «ሁሉም ወደ ፊት! አድኃሪው ግን እዚያው ነው!» አለ። በየሰልፉ «ይውደም» የምንለውን ቃል አምጥቶ ሜዳ ላይ ሲወረውረው ሰው በሳቅ ፈረሰ። የቀበሌው ሊቀመንበር ሳይቀር ሆዱን ይዞ ሳቀ። ከዚያ ወዲህ ታደሰ ብለው የሚጠሩኝ እናቴና ጽጌ ብቻ ናቸው።

ዛሬ በሁለተኛው አጋማሽ አንድ ኳስ ነጥቄ ሳድን ሰው ሁሉ ከመቀመጫው ተነስቶ «አድኃሪው! አድኃሪው!» አለ። በሕይወቴ እንደዚያ ተወድጄ አላውቅም። አቶ ኤርጋኖ የሄዱት ያኔ ነው።

ሰኞ፣ ጥር 17

ምን አጥፍቼ ይሆን? ቀኑን ሙሉ ስፈልግ ዋልኩ። ቁምጣዬ አጭር ነው። ዳኛውን ተሳድቤያለሁ፤ ቀስ ብዬ ነው፣ ግን ከንፈሬ ይታያል። ሳነክስ አይተው ይሆናል፤ ማን ልጁን ለአንካሳ ይሰጣል? ወይ ደግሞ የወንጂ መኪና እንዳያመልጣቸው ፈርተው ነው። ይህኛውን ወደድኩት፤ እስከ ምሳ ድረስ አጽናናኝ።

ጠዋት የፋብሪካው ዘበኛ «አድኃሪው መጣ፣ በሩን ወለል አድርጉ!» አለ። የዘይት መጭመቂያው ሴቶች እልል አሉልኝ። ሳቅሁላቸው። ከጥርሴ አላለፈም።

ማክሰኞ፣ ጥር 18

ጽጌ ከምታስተምርበት ትምህርት ቤት አስፈቅዳ መጣች። ሻይ ቤት ገባን። ሻይዋን አልነካችውም።

ወንድም እንደነበራትና እንደሞተ አውቅ ነበር። እንዴት እንደሞተ ጠይቄያት አላውቅም። በዚያ በቀይ ሽብሩ ጊዜ ስለሞተ ወጣት አይጠየቅም፤ ነፍስ ይማር ተብሎ ይታለፋል። ዛሬ ራሷ ነገረችኝ። ወንድሟን ማቴዎስን የወሰዱት ከስብሰባ ላይ ነው። አንዱ ብድግ ብሎ «አድኃሪ!» አለው። ቀጥሎ አጠገቡ የነበረው፣ ቀጥሎ አዳራሹ በሙሉ። አባቷ እዚያው ከኋላ ቆመው ነበር።

ቀልድ መሆኑን ንገሪያቸው እንጂ፣ አልኳት። «ነግሬዋለሁ። ቀልድ መሆኑን እያወቀ ነው የሄደው» አለች።

አንቺስ ያን ሁሉ እሑድ እንዴት ቻልሽው ስላት፣ «ደስ ይልህ ስለነበር» አለችኝ። እኔ እኮ ስጫወት ሁልጊዜ እሷን አያለሁ። ምን ነበር የማየው? በራሴ አፈርኩ።

ረቡዕ፣ ጥር 19

መናኸሪያ ሄድኩ። ከማል የአሰላ መኪና ላይ ተንጠልጥሎ ሰው ይጠራል። ሲያየኝ «አካም ጂርታ፣ አድኃሪው!» አለ፤ ተሳፋሪውም ዞሮ ሳቀ። ወደ ጥግ ወስጄ ነገርኩት። «ወላሂ አላወቅኩም» አለ። ሁለቴ አለው።

ከዚያ እንደ ልማዱ ቶሎ ተነቃቃ። ስሙን ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ የማነሳውም እኔ ነኝ አለ። ነገ ልምምድ ላይ አዲስ ስም ያስታውቃል፦ «ዘበኛው»። ከኋላ ሆኖ ስለሚጠብቅ። መጥፎ አይደለም። ወደ ቤቴ ስመለስ ቅልል ብሎኝ ነበር።

ሐሙስ፣ ጥር 20

ምነው በቀረብኝ!

ልምምድ ላይ እንደ ሁልጊዜው ደጋፊው ዙሪያውን ሞልቶ ነበር። ከማል ሜጋፎኑን አነሳና «ከዛሬ ጀምሮ አድኃሪው የለም! ዘበኛው ነው!» አለ። ከዚያ ሰው ሁሉ ባንድ ድምፅ «ወራጅ አለ!» አለው። በገዛ ቃሉ አወረዱት። ቢሳቅ ይሳቃል፣ እኔም ልስቅ ነበር። ግን አንዱ ከኋላ «ማን ከለከለህ?» አለ።

ይህ ጥያቄ የሚጠየቅ አይደለም። ከማል ሜጋፎኑን አወረደ። «ማንም» አለ። ማንም ሲል ደግሞ ሰው ሁሉ «አንድ ሰው አለ ማለት ነው» ብሎ ተያየ። ልምምዱ ሳያልቅ ቀበሌ ከልክሎት ነው ተባለ። ግማሹ ፈርቶ ዝም አለ፣ ግማሹ በእልህ ባሰበት።

ስወጣ የፋብሪካችን የውይይት ክበብ ኃላፊ ጠራኝ። ፈገግ እያለ ነው። «ጓድ ታደሰ፣ ሕዝብ በፍቅር የሰጠህን ስም ለምን ጠላኸው? የሚነካህ ነገር አለ እንዴ?» አለኝ። ስለ ማቴዎስ ብናገር ጽጌንና አባቷን ማንሳቴ ነው። የለም፣ እንዲያውም እወደዋለሁ አልኩት። አድኃሪ መባል እወዳለሁ ብዬ ለካድሬ ማልኩ! እሱም ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ «እንግዲያው ይቀጥል» አለ።

ስሙ በኦፊሴል ጸደቀልኝ።

ዓርብ፣ ጥር 21

ከሥራ በኋላ ወንጂ ወረድኩ። የሸንኮራው ሽታ ከመኪና ሳልወርድ ተቀበለኝ። አቶ ኤርጋኖ ከፋብሪካው ፈረቃ ወጥተው የካምፑ ቤታቸው ደጃፍ ላይ እግራቸውን ይታጠቡ ነበር። ግባ አሉኝ። ቆጮ ቀረበ። እኔ እንደፈራሁት ላቤ ወረደ።

አባባ ይቅርታ ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት ብዬ ጀመርኩ። አላስጨረሱኝም። «ሲጠሩህ ምን አደረግህ?» አሉኝ። እጄን አነሳሁላቸው፣ አልኩ። «ማቴዎስም አነሳ» አሉ። «መጀመሪያ ስሙ ሲጠራ ለሥራ የሚመርጡት መስሎት አነሳ። እየሳቀ ነበር።»

ቆጮው አፌ ውስጥ ቀረ።

«ባንተ አልተቀየምኩም» አሉኝ። «ሽማግሌህን ላክ። ግን ሠርግ ያለ ሰው አይሆንም። አንተን አጅቦ የሚመጣው ሰው ያን ስም እየጮኸ ነው ቤቴ የሚገባው። ልታስቆማቸው ትችላለህ?»

እሺ ማለት ፈልጌ ነበር። አፌ እምቢ አለኝ። አልችልም፣ አልኩ።

«እኔም አልቻልኩም» አሉ።

ጽጌ ጓዳ ሆና ትሰማ ነበር። እስከ መኪናው ሸኘችኝ።

ቅዳሜ፣ ጥር 22

አሠልጣኙን ነገ አልጫወትም አልኩት። «ሻሸመኔዎች መጥተው አድረዋል፣ ቀልዱን ተው» አለኝ። ጉልበቴ አልኩ። ጉልበቴን ጎንበስ ብሎ ነካ ነካ አደረገና ደህና ነው አለ።

ሚዜዬ ክሬኑ ግርማ ነው። ከልጅነታችን አንድ ላይ ነን። ለእሱ ሁሉንም ነገርኩት። ያን የሚያህል ሰው ዓይኑ እንባ አቀረረ። «እናቴ ትሙት፣ ከኔ አፍ ያ ቃል አይወጣም» አለኝ። አንድ ሰው እንኳ አገኘሁ።

እሑድ፣ ጥር 23

አጎቴና ሁለት ሽማግሌዎች ከቤተ ክርስቲያን መልስ ወንጂ ሄዱ። እኔ ወደ ሜዳ።

ከማል ቃሉን ጠበቀ። ኳስ በያዝኩ ቁጥር «ታደሰ!» ይላል፤ ሕዝቡ «አድኃሪው!» ብሎ የቀረውን ይሞላል። እጄን አላነሳሁም። ያልሰማሁ መሰላቸው መሰለኝ፣ ጨምረው ጮኹ። ፊቴን አዞርኩ። የኮራሁ መሰላቸው፣ ሳቁና ደግመው ጮኹ። ብስቅም ባልስቅም ያው ነው። የቀረኝ መጫወት ነበርና ተጫወትኩ፤ አሸነፍን።

ላቤን ስጠርግ አጎቴ በሰው መሀል እየተጋፋ መጣ። «ሰጡን!» አለኝ። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ አንድ ቃል አስገብተውናል አለ፤ ሜዳ ላይ የሚጠሩህ ሰዎች ደጃቸው አይድረሱ ብለዋል። እሺ ብለን መጣን አለ።

ግርማ አጠገቤ ነበር። የሰማው የመጀመሪያዋን ቃል ብቻ ነው። «ሰጡት!» ብሎ ጮኸና ብድግ አድርጎ ትከሻው ላይ አስቀመጠኝ። ሰው ከየአቅጣጫው ጎረፈ። እንዲህ የሚወደኝ ሕዝብ ከየት ይገኛል? ደስ ብሎኝ ነበር፣ ልዋሽ አልችልም፤ ጽጌን ሰጥተውኛል። በዚያው ቅጽበት ግርማ ባለ በሌለ ድምፁ «አድኃሪው አገባ!» አለ። ሕዝቡ ተቀበለው። እስከ መናኸሪያው መንገድ ድረስ እንደዚያ እያሉ ወሰዱኝ።

ከላይ ሆኜ ጭንቅላቱን እየመታሁ ግርማ፣ ግርማ አልኩት። ደስታ መስሎት ይበልጥ አዘለለኝ።

ደጃቸው አይድረሱ ከተባሉት የመጀመሪያው ሚዜዬ ነው። ይህን እንዴት አድርጌ እንደምነግረው አላውቅም።