ስለ ደረቅ መርፌና ስለ እህቴ ሳንባ፦ ለፈቃድ ሰጪው ቦርድ

ለተከበራችሁ የጤና ባለሙያዎች ፈቃድ ሰጪ ቦርድ አባላት፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእናንተም ለመላው ቤተሰባችሁም ሙሉ ጤና እመኛለሁ። ምኞቴ ከአንገት በላይ እንዳይመስላችሁ፤ ከትከሻ በታች ነው፤ ያመመን እዚያ አካባቢ ነውና።

ፀጉር አስተካካይ ነኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ምላጭ ይዤ በሰው ጉሮሮ ላይ ሠርቻለሁ፤ ማንም ሳይጎዳብኝ። ፈቃዴን በየዓመቱ አሳድሳለሁ፤ ተቆጣጣሪው እየመጣ ምላጬን፣ አልኮሌን፣ የእጄን ጥፍር ሳይቀር አይቶ ይሄዳል። ይህን የምነግራችሁ ቁጥጥር የሚጠላ ሰው እንደማይጽፍላችሁ እንድታውቁት ነው። የሰውን ገላ በስለት የሚነካ ሁሉ ሊጠየቅ ይገባል ብዬ አምናለሁ። መመሪያችሁ እስኪወጣ ድረስ እናንተም እንደኔ የምታስቡ መስሎኝ ነበር።

ከሁለት ዓመት በፊት ቀኝ ትከሻዬ ተቆለፈ። ማበጠሪያ ከጆሮ ከፍ አድርጎ መያዝ አቃተኝ፤ ረጃጅሞቹ ደንበኞቼ ለእኔ ሲሉ ወንበሩ ላይ እየተንሸራተቱ ይቀመጡልኝ ጀመር። በመጨረሻ ከሱቄ ሦስት ቤት አለፍ ብሎ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ወዳለው ክሊኒክ ወጣሁ። እዚያ የምትሠራውን ፊዚዮቴራፒስት ሰፈሩ «ቀስ ብለው» ይላታል፤ ለታካሚ ሁሉ «ቀስ ብለው ይተንፍሱ፣ ቀስ ብለው ይዙሩ» ስለምትል ነው። ግማሽ ሰዓት ያህል ጀርባዬን በጣቶቿ ስትፈልግ ቆየችና፣ «ጡንቻው ውስጥ ቋጠሮ አለ፤ በቀጭን መርፌ እነካዋለሁ። መድኃኒት ስለሌለበት ነው ደረቅ መርፌ የሚባለው። ከሥሩ ግን ሳንባ አለ፤ ስለዚህ አይንቀሳቀሱብኝ» አለችኝ። ጡንቻውን በሁለት ጣቷ ከጎድኔ አንስታ ይዛ ነበር የምትወጋው። በአራተኛው ቀጠሮ እጄ ተመለሰልኝ።

ከዚህ በኋላ መመሪያችሁ ወጣ። ቆዳን በመርፌ መብሳት ከፊዚዮቴራፒስት የሥራ ወሰን ውጭ ስለሆነ፣ ጉዳዩ ተጠንቶ እስኪወሰን ድረስ ከጤና ባለሙያዎች መካከል ደረቅ መርፌ መሥራት የሚችለው ሐኪም ብቻ ነው አላችሁ። እነሆ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ሥራውን ለሐኪሞች ስለሰጣችሁልን እጅ እነሣለሁ። ትከሻዬ እንደገና ሲያጉረመርም መመሪያችሁን አክብሬ ወደ ሐኪሜ ሄድኩ። የሸበቱ፣ ውሸት የማያውቁ ሰው ናቸው። መመሪያውን ከመሳቢያቸው አውጥተው አሳዩኝና፣ «ልጄ፣ እኔ ይህን መርፌ በእጄ ይዤው አላውቅም። ፈቃዱን ላኩልኝ፤ ሙያውን ግን አብረው አልላኩትም» አሉኝ። ከዚያም የሕመም ማስታገሻ ጽፈውልኝ፣ ወደ ሌላ ባለሙያ መላኪያ ወረቀቱን ሞሉልኝ። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው የ«ቀስ ብለው» አድራሻ ነበር።

ሁለተኛ፣ መመሪያችሁ የሚናገረው ስለ «ጤና ባለሙያ» ብቻ መሆኑን አስተውላችሁ ከሆነ ጥበባችሁን አደንቃለሁ፤ ሳታስተውሉ ከሆነ ደግሞ ዕድላችሁን አደንቃለሁ። በሰፈራችን ጂም ውስጥ ሰፈሩ «ብረቱ» የሚለው አሰልጣኝ አለ። ቅዳሜና እሁድ ሠልጥኖ ሰኞ የምስክር ወረቀቱን መስታወቱ አጠገብ ሰቀለ። የጤና ባለሙያ ስላልሆነ አልከለከላችሁትም። መመሪያው በወጣ በሳምንቱ «ደረቅ መርፌ እዚህ ይሠራል» የሚል ጽሑፍ በሩ ላይ ለጠፈ፤ ተወዳዳሪዎቹን ሁሉ በአንድ ፊርማ ስላስወገዳችሁለት እሱም ሳያመሰግናችሁ አይቀርም።

ታናሽ እህቴ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ናት፤ ቀኑን ሙሉ አንገቷን ደፍታ ስትጽፍ ትውላለች። «ቀስ ብለው» ዘንድ ቀጠሮ ይዛ ነበር፤ በመመሪያችሁ ምክንያት ተሰረዘባት። ሕመሙ እንቅልፍ ሲነሳት ወደ ብረቱ ሄደች። እሱም ከአንገቷ ዝቅ ብሎ፣ ከትከሻዋ አጥንት አጠገብ፣ ረጅሙን መርፌ ቀጥ አድርጎ ወጋት። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ሱቄ መጥታ የደንበኞች አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። እጇ ደረቷ ላይ ነበር።

«ጋሼ» አለችኝ፣ «ትንፋሼ ግማሽ መንገድ ሄዶ ይመለስብኛል።»

አንድ ደንበኛ ግማሽ ጢሙ ተላጭቶ ግማሹ በአረፋ ተሸፍኖ ወንበር ላይ ነበር። ትቼው እህቴን ደግፌ ወደ ክሊኒኩ አወጣኋት። «ቀስ ብለው» መርፌ የሚለውን ቃል ስትሰማ ሌላ ነገር አልጠየቀችም። የጀርባዋን ግራ አዳመጠች፣ ቀኙን አዳመጠች፣ ተመልሳ ግራውን አዳመጠች። ያን ጊዜ «ቀስ ብለው» አላለችም። «አሁኑኑ ሆስፒታል። በግራ በኩል ትንፋሽ አይሰማኝም፤ ሳንባዋ ሳይበሳ አልቀረም። ደረጃውን በእግሯ እንዳትወርድ» አለች። በአንድ እጇ ማስተላለፊያ ወረቀት ጻፈች፣ በሌላው ስልክ ደወለች። ተከትሎን የወጣው ባለ ግማሽ ጢሙ ደንበኛዬና እኔ እህቴን በወንበር ተሸክመን አወረድናት።

እዚህ ላይ ፌዜን ለአፍታ ላቁም። ሆስፒታል ውስጥ ራጅ አነሷት፤ ከዚያ በጎድኗ መሐል ቱቦ አስገቡላት። እናታችን ስትሞት እህቴ ሰባት ዓመቷ ነበር፤ ፀጉሯን ጎንጉኜ ትምህርት ቤት የላክኋት እኔ ነኝ። አራት ቀን አልጋዋ አጠገብ ተቀምጬ ያደረግሁት ነገር ቢኖር ደረቷ ከፍና ዝቅ ሲል መቁጠር ብቻ ነው። ስቆጥር እንቅልፍ እየወሰደኝ በድንጋጤ እነቃ ነበር።

ሦስተኛ፣ የቅሬታ መስኮታችሁን ንጽሕና ሳላመሰግን አላልፍም። በብረቱ ላይ ቅጹን ሞልቼ ሳቀርብ «የባለሙያው የፈቃድ ቁጥር» የሚለው ቦታ ባዶ ነው ተብሎ ተመለሰልኝ። ቁጥር የለውም፣ ቅሬታዬም ይኸው ነው አልኩ። መስኮቱ ላይ ያለችው ሠራተኛችሁ ትሕትናዋ የሚያስቀና ነው። «ጋሼ፣ ባለሙያ ቢሆን ኖሮ እንቀጣው ነበር። ባለሙያ ስላልሆነ ግን እኛን አይመለከትም» አለችኝ። ፖሊስ ጣቢያ ስሄድ ጉዳዩ የሕክምና ስለሆነ ከቦርዱ ደብዳቤ አምጣ አሉኝ። ተመልሼ ስመጣ ስለማይመለከታችሁ ሰው ደብዳቤ እንደማትጽፉ ተነገረኝ። በዚያ ሳምንት ያደረግሁት የእግር ጉዞ ለልቤ ጥሩ እንደነበር ሐኪሜ ነግረውኛል።

አራተኛ፣ ፍጥነታችሁ። እህቴ ከሆስፒታል በወጣች በዘጠነኛው ቀን «ቀስ ብለው»ን ጠራችኋት። በማስተላለፊያ ወረቀቷ ላይ «በደረቅ መርፌ ምክንያት» ብላ ጽፋ ነበርና፣ ወረቀቱን ያነበበው ሰው የወጋችው እሷ መሰለችው። እኔና እህቴ ልንመሰክር መጥተን ኮሪደሩ ላይ እስከ ምሳ ሰዓት ቆምን፤ በዕለቱ አጀንዳ ውስጥ ምስክር የሚባል ነገር የለም ተብለን ተመለስን። እስኪጣራ ድረስ ፈቃዷን ለሦስት ወር አገዳችሁባት። ከብረቱና ከእሷ መካከል የፈቃድ ቁጥር የነበራት እሷ ብቻ ናት፤ ስለዚህ ሌላ የምትቀጡት ሰው ከየት ታመጣላችሁ?

ከዚህ በኋላ ያለውን ቁጥር ትቼዋለሁ። እህቴ ወደ ሥራዋ ተመልሳለች፤ ደረጃ ስትወጣ አሁንም መሐል ላይ ትቆማለች። ብረቱ ይቅርታ ይሁንልኝ ብሎ የአንድ ወር ነጻ ስፖርት ጋብዟታል። «ቀስ ብለው» እገዳዋ ባለፈው ሰኞ አብቅቶ ሥራ ገብታለች፤ ግን በእጇ ብቻ ነው የምትሠራው፤ የመርፌ ሣጥኗን ቆልፋ ቁልፉን ለክሊኒኩ ኃላፊ አስረክባለች። ስለ ደረቅ መርፌ ለመምከር ባዘጋጃችሁት ስብሰባ ላይ ብረቱ በባለድርሻ አካልነት መጋበዙን፣ እሷ ግን ገና የታገደች መስሏችሁ አለመጋበዟን ሰምቼ ደስ አለኝ።

ጥያቄዬ አጭር ነው። ሕጉን በጋዋን ቀለም ሳይሆን በእጅ ሙያ ጻፉት። መርፌ የሚይዝ ሰው ሳንባ ከየት እንደሚጀምር ይወቅ፤ ሥልጠናውን የሸጠለት ሰው ሳይሆን ሌላ ሰው ይፈትነው፤ ጥፋት ሲደርስ ምን እንደሚያደርግ ይወቅ። ይህን ያሟላ ፊዚዮቴራፒስት ይሥራ፤ ያላሟላ ሐኪም ይቆይ። ባለሙያ ያልሆነውንም ጨምሮ መርፌ የያዘውን ሁሉ ሕጉ ይንካው።

ላሳያችሁኝ ትዕግሥት፣ ለዘጋችሁልኝ መስኮትና ላላነበባችሁት ቅጽ ከልብ እያመሰገንኩ፣ በታላቅ አክብሮት ወንበሬ ሁልጊዜ ለእናንተ ክፍት መሆኑን አረጋግጣለሁ።

ትሑት አገልጋያችሁ፣
ከክሊኒኩ ሦስት ቤት ወረድ ብሎ ያለው ፀጉር አስተካካይ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ባለፈው ሐሙስ ከቦርዳችሁ አባላት አንዱ ወገባቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ሱቄ መጥተው ነበር። ፀጉራቸውን ካስተካከልኩላቸው በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ያቺ ፊዚዮቴራፒስት ቤት ድረስ መጥታ በመርፌ ትሠራለች ይባላል?» ብለው ጠየቁኝ። አይ፣ ተከልክላለች አልኳቸው። ለማንም እንዳልናገር አጥብቀው ለምነውኛልና፣ እኔም ቃሌን ጠብቄ ከእናንተ በቀር ለማንም አልተናገርኩም።